በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ቆሻሻን ለይቶ መልሶ ጥቅም ላይ የማዋል ሥራ እንዴት ይጀመራል?

በራሱ ግቢ የሚኖር ቤተሰብ ቆሻሻውን ቢለይም ባይለይም ውጤቱ የሚታየው በራሱ ማጠራቀሚያ ላይ ነው። በርካታ ቤተሰቦች አንድ ደረጃና አንድ ገንዳ በሚጋሩበት ሕንፃ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ አባወራ በጥንቃቄ ለይቶ ያስቀመጠውን ወረቀት አንድ ሰው በቸልታ የወረወረው፣ ግማሽ ድረስ መረቅ ያለበት ዕቃ ያበላሸዋል፤ ማን እንዳደረገውም አይታወቅም። በዚህ ምክንያት ቆሻሻን የመለየት ሥራ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ከነጠላ ቤቶች ይልቅ አዳጋች ሆኖ ይገኛል፤ ሥራው ሲከሽፍም አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሚጣለው «ሰው ግድ የለውም» በሚል በነዋሪው ላይ ነው። በእኔ እምነት ይህ ፍርድ ነዋሪውን ይበድላል። አብዛኛው ሰው ፈቃደኛ ነው፤ የሚያግደው የማጠራቀሚያው መራቅ፣ ምኑ የት እንደሚገባ ግልጽ አለመሆኑና የለየው ነገር በእርግጥ ጥቅም ላይ መዋሉን የሚነግረው አካል ማጣቱ ነው። ስለዚህ ሥራውን የሚያቅድ ኮሚቴ በእያንዳንዱ ውሳኔው ላይ አንድ ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፦ ማታ ደክሞት ቆሻሻ ይዞ የሚወጣ ሰው ለይቶ መጣል ደባልቆ ከመጣል የበለጠ ይከብደዋል ወይ?

መጀመሪያ ተረካቢውን ማግኘት

ብዙ ኮሚቴዎች ሥራውን የሚጀምሩት ባለቀለም ማጠራቀሚያዎችን በመግዛት ነው። ይህ ቅደም ተከተሉን ያዛባል። ማንኛውም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት የተለየውን ቆሻሻ ማን እንደሚረከብ፣ ምን ዓይነቱን እንደሚቀበልና በምን ሁኔታ እንዲቀርብለት እንደሚፈልግ በጽሑፍ መታወቅ አለበት። ተረካቢው የከተማው አስተዳደር የጽዳት ክፍል፣ የግል ሰብሳቢ ድርጅት ወይም በአካባቢው የሚገኝ የመልሶ ማምረቻ ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። ማንም ይሁን ማን የሚጠየቀው ነገር ተመሳሳይ ነው። ወረቀት፣ ፕላስቲክ፣ ቆርቆሮና ጠርሙስ ተደባልቀው ይወሰዳሉ ወይስ እያንዳንዳቸው ለየብቻ መቅረብ አለባቸው? ሰብሳቢው በሳምንት ስንት ጊዜ ይመጣል? መኪናው እስከ የት ድረስ ሊገባ ይችላል? ከስንት መጠን በታች ከሆነ አይወስድም? ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ጭነት ሲያጋጥመው ትቶት ይሄዳል፣ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል ወይስ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ወስዶ ይደፋዋል? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ መታለፍ የለበትም፤ ምክንያቱም ነዋሪው ለይቶ ያስቀመጠው ነገር ከተራው ቆሻሻ ጋር በአንድ መኪና ሲጫን አንድ ጊዜ በመስኮት ካየ እምነቱን መልሶ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

በፕላስቲክ ረገድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዕቃው ሥር በቀስቶች በተሠራ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚታየው ከ1 እስከ 7 ያለው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር የወጣ ሲሆን የሚያመለክተው ዕቃው ከምን ዓይነት ፕላስቲክ እንደተሠራ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ምልክቱን ሲያይ ዕቃው መልሶ ጥቅም ላይ እንደሚውል ማረጋገጫ አድርጎ ይወስደዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። እንደ ውኃና ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ያሉት ቁጥር 1፣ እንዲሁም እንደ ፈሳሽ ሳሙና መያዣ ያሉት ቁጥር 2 በብዙ ቦታ ተረካቢ አላቸው፤ ቁጥር 3፣ 6 እና 7 ግን ብዙ ጊዜ ተቀባይ አያገኙም። ሊታመን የሚገባው ተረካቢው ራሱ የሰጠው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ባጠረ ቁጥር ሥራው ይቀልላል፤ ሦስት ዓይነት ዕቃ በንጽሕና የሚለይ ሕንፃ አሥር ዓይነት ለመለየት ሞክሮ ሁሉንም ከሚያበላሽ ሕንፃ የተሻለ ውጤት ያገኛል።

ከሽያጭ ስለሚገኝ ገቢ ለነዋሪዎች ቃል መግባት ተገቢ አይደለም። የተረፈ ምርት ዋጋ በዓለም ገበያ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2018 የተወሰኑ የፕላስቲክና ያልተለየ የወረቀት ተረፈ ምርቶችን ከውጭ እንዳይገቡ ስትከለክልና በሌሎች በርካታ ዓይነቶች ላይ የባዕድ ነገር መጠን ከ0.5 በመቶ እንዳይበልጥ ስትወስን፣ ያለ ችግር ይሸጡ የነበሩ ከተሞች ተረካቢ አጥተው ነበር። የተረጋጋው ጥቅም የሚገኘው ከሌላ ወገን ነው፤ ወደ ተራው ገንዳ የሚገባው ቆሻሻ ሲቀንስ ገንዳው በዝግታ ይሞላል፣ ለማንሻ የሚከፈለውም ሊቀንስ ይችላል።

የራስን ቆሻሻ ማወቅ

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ደረጃ ከሚጣለው የከተማ ደረቅ ቆሻሻ 44 በመቶው የምግብና የዕፅዋት ተረፈ ምርት፣ 17 በመቶው ወረቀትና ካርቶን፣ 12 በመቶው ፕላስቲክ፣ 5 በመቶው ጠርሙስና መስታወት፣ 4 በመቶው ደግሞ ብረታ ብረት ነው። እነዚህ ቁጥሮች ጠቅላላ ሥዕሉን ያሳያሉ እንጂ የአንድን ሕንፃ ገንዳ መጠን አይወስኑም። ለዚያ የራስን ገንዳ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ምርመራው ቀላል ነው። ሰብሳቢው ከመምጣቱ በፊት ባለው ቀን፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ሰፊ ሸራ ይዘረጋል፤ የተወሰኑ ከረጢቶች ይከፈቱና ይዘታቸው በየዓይነቱ እየተለየ ይመዘናል፤ ሚዛን ከሌለ እያንዳንዱ ዓይነት ስንት በርሜል እንደሞላ ይቆጠራል። ሠራተኞቹ ወፍራም ጓንት፣ ጫፉ የተሸፈነ ጫማና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ሊኖራቸው ይገባል፤ መርፌና የተሰበረ መስታወት ሊያጋጥም ስለሚችል እጅን ወደ ከረጢት ውስጥ ከመክተት ይልቅ ከረጢቱን ሸራው ላይ ገልብጦ ማፍሰስ ይሻላል። ስም ያለበት ደብዳቤ ወይም የባንክ ወረቀት ሲገኝ ሳይነበብ ወደ ጎን ይደረጋል። ዓላማው ሕንፃው በጠቅላላው ምን እንደሚጥል ማወቅ ነው፤ ማን ምን እንደጣለ ማጣራት ከተጀመረ ነዋሪው ሥራውን እንደ ስለላ ያየዋል። ውጤቱ በቀንና በመጠን ተመዝግቦ ይቀመጥ፤ ከወራት በኋላ ለውጥ መምጣቱን ማሳየት የሚቻለው መነሻው ሲታወቅ ብቻ ነው።

ከዚህ ምርመራ በኋላ የሕንፃውን ባለቤት፣ አስተዳዳሪውን ወይም የነዋሪዎች ማኅበሩን ማነጋገር ይቀልላል፤ ምክንያቱም አቤቱታ ሳይሆን ቁጥር ይዞ መቅረብ ይቻላል። ተረካቢው፣ ወጪው፣ ቦታውና ኃላፊው ሰው የተገለጹበት አንድ ገጽ ጽሑፍ ይበቃል።

ርቀት፣ አቀማመጥና የማጠራቀሚያው ቅርጽ

ሥራው የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። የካናዳው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባካሄዱት ጥናት የምግብ ትራፊ ማጠራቀሚያ በምድር ቤት ብቻ መሆኑ ቀርቶ በየፎቁ ሲቀመጥ የተለየው መጠን በ70 በመቶ ጨምሯል፤ በተማሪዎች መኖሪያ ደግሞ ማጠራቀሚያዎቹ ከመኖሪያ ክፍሎቹ በር 1.5 ሜትር ርቀት ላይ ሲደረጉ መልሶ ጥቅም ላይ እንዲውልና ለብስባሽ እንዲሆን የተለየው ቆሻሻ በ141 በመቶ አድጓል። በርቀት ላይ የተደረገ ለውጥ ይህን ያህል ካመጣ፣ ኮሚቴው ለቅስቀሳ ከሚያጠፋው ጊዜ አብዛኛውን ለአቀማመጥ ቢያውለው ይጠቅማል።

በየፎቁ ማጠራቀሚያ ማስቀመጥ ግን ሁልጊዜ አይቻልም። ካርቶንና ወረቀት በቀላሉ ስለሚቀጣጠሉ በመተላለፊያና በማምለጫ ደረጃ ላይ መከማቸት የለባቸውም፤ በአገሩ ያለውን የእሳት አደጋ ደንብ አስቀድሞ ማጣራት ግዴታ ነው። በየፎቁ የተለየ ክፍል ከሌለ ሁለተኛው አማራጭ ነዋሪው በየቀኑ ሲወጣና ሲገባ የሚያልፍበት ቦታ፣ ማለትም ከአሳንሰሩ ወደ መውጫው የሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከሕንፃው ጀርባ፣ ጨለማ በሆነና ሌላ ጉዳይ በማያስኬድ ጥግ የተቀመጠ ማጠራቀሚያ ባዶውን ይቀራል፤ በተለይ ሴቶችና አረጋውያን ማታ ወደዚያ መሄድ አይደፍሩም። ቦታው መብራት ሊኖረው፣ መሬቱ ሊታጠብ የሚችል ሊሆን፣ ክዳኑም ልጆችና በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ሰዎች የሚደርሱበት ከፍታ ላይ ሊሆን ይገባል።

በየፎቁ የቆሻሻ ማውረጃ ቱቦ ያላቸው ሕንፃዎች የራሳቸው ፈተና አላቸው። ተራው ቆሻሻ ከበር ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ እየተጣለ የተለየው ግን እስከ ምድር ቤት ተሸክመው እንዲወርዱ ከተጠየቀ ድካሙ የሚያመዝነው በለዩት ሰዎች ላይ ነው። መፍትሔው የመለያ ማጠራቀሚያውን ከቱቦው በር አጠገብ ማድረግ፣ ያም ካልተቻለ ነዋሪዎች ተስማምተው ቱቦውን መዝጋትና ሁሉንም ቆሻሻ በአንድ ቦታ መሰብሰብ ነው። ቱቦ መዝጋት መጀመሪያ ላይ ቅሬታ ያስነሳል፤ ቢሆንም ሁለቱ አማራጮች እኩል ሲርቁ ለይቶ የሚጥለው ሰው ይበዛል።

የተራው ቆሻሻና የተለየው ማጠራቀሚያ ምንጊዜም ጎን ለጎን ይሁኑ። ወረቀት መጣያው ብቻውን የቆመበት ቦታ ላይ የሚያልፍ ሰው በእጁ ያለውን የሙዝ ልጣጭ እዚያው ይጥለዋል፤ የተራው ቆሻሻ መጣያም አጠገቡ ካለ ግን በትክክለኛው ይጥላል። የክዳኑ ቅርጽም ያስተምራል፦ ለወረቀት ጠባብና ረጅም ቀዳዳ፣ ለጠርሙስና ለጣሳ ክብ ቀዳዳ ሲደረግ፣ ቋጠሮውን ሙሉ ይዞ የመጣ ሰው እጁ ይገታል። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ከሆነ ግን ምንም ያህል ማስታወቂያ ቢለጠፍ ቋጠሮው ይገባል። ቀለሙ በግቢው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከተማው የራሱ የቀለም ሥርዓት ካለው እርሱን መከተል ነዋሪውን ከድርብ ትምህርት ያድነዋል።

የሚለጠፈው ጽሑፍ አጭርና ምስል ያለበት ይሁን፤ ምስሉም በሕንፃው ውስጥ በእርግጥ የሚጣሉትን ዕቃዎች ያሳይ። «ደረቅ የወረቀት ውጤቶች» ከሚል ጽሑፍ ይልቅ የጋዜጣ፣ የደብተርና የተጣጠፈ ካርቶን ፎቶግራፍ በፍጥነት ይገባል። የማይፈቀዱትን ሁሉ ከመደርደር ይልቅ በምርመራው ጊዜ በብዛት የታዩትን ሁለት ወይም ሦስት ስሕተቶች ብቻ በቀይ ምልክት ማሳየት በቂ ነው። ጽሑፉ በዓይን ትይዩ፣ በክዳኑ ላይ ይለጠፍ፤ ግድግዳ ላይ ያለውን የሚያነበው ሥራ የፈታ ሰው ብቻ ነው።

መለየት የሚጀምረው ከኩሽና መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ነዋሪው ቤት ውስጥ ደባልቆ ያጠራቀመውን ገንዳው ፊት ቆሞ እንዲለይ መጠበቅ ከንቱ ነው። ለእያንዳንዱ ቤት እጀታ ያለው፣ ታጥቦ ተመልሶ የሚያገለግል አንድ ከረጢት ማደል ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ይሠራል፤ ጠባብ ኩሽና ውስጥ በር ጀርባ ሊንጠለጠል ይችላል፣ ይዘቱም ማጠራቀሚያው ውስጥ ተራግፎ ባዶው ይመለሳል።

ምን ይገባል፣ ምን አይገባም፣ ለምን

ሰው ምክንያቱን ሲያውቅ ሕጉን ያስታውሳል። ወረቀት ደረቅ መሆን ያለበት የረጠበና ቅባት የነካው ቃጫ ለአዲስ ወረቀት ስለማይሆን ነው፤ የወረቀት ቃጫ በእያንዳንዱ ዙር እያጠረ ስለሚሄድ ደግሞ ቀድሞውኑ ዕድሜው ውስን ነው። ስለዚህ የምግብ ዘይት የጠጣው የካርቶን ክፍል ተቀድዶ ወደ ተራው ቆሻሻ፣ ንጹሕ የቀረው ክዳን ደግሞ ወደ ወረቀቱ ይሄዳል። ካርቶን ሳይጣጠፍ ከተጣለ ሁለት ሣጥን ብቻ ገንዳውን ይሞላዋል፤ ቀጥሎ የመጣው ሰው የያዘውን መሬት ላይ ትቶ ይሄዳል።

የመጠጥ ጣሳ ከሁሉም በላይ ትኩረት ይገባዋል፤ አሉሚኒየምን ከተጠቀሙበት ዕቃ መልሶ ማምረት ከማዕድን ከማውጣት ጋር ሲነጻጸር 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል። ጠርሙስም ጥራቱን ሳያጣ ደጋግሞ ሊቀልጥ ይችላል፤ ነገር ግን የመስኮት መስታወት፣ ሙቀት የሚቋቋም የማብሰያ ብርጭቆና ሸክላ የሚቀልጡበት ሙቀት የተለየ በመሆኑ ከጠርሙስ ጋር ከተቀላቀሉ አዲሱን ምርት ያበላሹታል። ጣሳና የፕላስቲክ ዕቃ በሳሙና መታጠብ አያስፈልጋቸውም፤ ዕቃ በታጠበበት ውኃ ለቅለቅ ተደርገው ቢደፉ ይበቃል።

ሁለት ነገሮች ላይ ግን ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። አንደኛው ስስ ፌስታል ነው፤ በመለያ ፋብሪካዎች ውስጥ በሚሽከረከሩት የማሽን ዘንጎች ላይ እየተጠመጠመ ሥራ ያስቆማል፣ ሠራተኞችም ማሽኑ ውስጥ ገብተው በቢላ እንዲቆርጡት ያስገድዳል። ነዋሪው የለየውን በፌስታል ቋጥሮ ከጣለው ደግሞ ውስጡ የማይታይ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ሙሉ ቋጠሮው ይጣላል። ሁለተኛው ባትሪ ነው። በስልክና በሚሞሉ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገኘው የሊቲየም ባትሪ ሲጨፈለቅ ወይም ሲበሳ እሳት ያስነሳል፤ በሰብሳቢ መኪናና በመለያ ማዕከል ውስጥ ለሚነሱ ቃጠሎዎች መንስኤ ከሆኑት አንዱ ነው። ስለዚህ ለባትሪ ከወረቀት የራቀ፣ የተለየ መሰብሰቢያ ማዘጋጀት ወይም ነዋሪው ወደሚቀበለው ቦታ እንዲያደርሰው በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ሰዎቹ

ከነዋሪዎች ስብሰባ በፊት መነጋገር ያለብን ከጽዳት ሠራተኞቹና ከጥበቃዎቹ ጋር ነው። የትኛው ገንዳ በየትኛው ቀን ሞልቶ እንደሚፈስ፣ ቤት የሚለቅ ሰው ዕቃውን የት ጥሎ እንደሚሄድ፣ ልጆች ለምን ክዳኑን መክፈት እንደማይችሉ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። አዲሱ አሠራር ሥራ የሚጨምርባቸው ከሆነ ጊዜው ሊታሰብላቸውና ሊከፈላቸው ይገባል፤ ይህን ሳያስተካክሉ መጀመር ኢፍትሐዊ ከመሆኑም በላይ ሥራውን ያዳክመዋል።

ቀጥሎ በየፎቁ ወይም በየመግቢያው አንድ ፈቃደኛ ተወካይ ይመረጣል። የተወካዩ ሥራ መቆጣጠር አይደለም፤ ጎረቤቱን በር አንኳኩቶ ከረጢቱን መስጠት፣ በሁለት ደቂቃ ማስረዳትና ጥያቄ ሲነሳ መልስ ማምጣት ነው። ፊት ለፊት የተነገረ ቃል በበር ሥር ከተገፋ ወረቀት የተሻለ ይሠራል፤ በተለይ ነዋሪዎቹ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ሲሆኑ። ተከራዮች በሚለዋወጡበት ሕንፃ ማስረዳቱ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ አይደለም። አዲስ ሰው ቁልፉን ሲረከብ መመሪያውንና ከረጢቱን አብሮ ይረከብ። በገባበት ሳምንት ባዶ ካርቶን ስለሚበዛበት፣ ካርቶኑን የት እንደሚያደርግ የሚያሳየው ጎረቤት በዚያው ሳምንት ቢመጣለት ትምህርቱ በተግባር ይጀመራል።

ግቢው ብዙ ሕንፃዎች ካሉት በአንዱ ጀምሮ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሌሎቹ መሄድ ይሻላል፤ የማጠራቀሚያው ብዛትና የመሰብሰቢያው ቀን በወረቀት ላይ እንደታቀደው ሆኖ አይገኝምና። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከፍተኛ ክትትል ይፈልጋሉ። ሞልቶ የፈሰሰ ማጠራቀሚያ በዚያው ቀን ካልተነሣ ነዋሪው ወደ ቀድሞ ልማዱ ይመለሳል።

ስሕተት ሲታይ፣ ውጤትም ሲገኝ

ባዕድ ነገር መቀላቀሉ አይቀርም። ምላሹ ቁጣ ወይም የጥፋተኛ ስም መለጠፍ ሊሆን አይገባም፤ በጋራ በሚኖሩበት ቦታ ማፈር ሰውን ከሥራው ያርቀዋል እንጂ አያስተምረውም። ተወካዩ ወይም የጽዳት ሠራተኛው በየሳምንቱ ማጠራቀሚያውን ከፍቶ ተደጋግሞ የታየውን ስሕተት ይመዝግብ፤ ቀጥሎም በክዳኑ ላይ ያለው ምስል በዚያ መሠረት ይለወጥ። አንድ ዓይነት ስሕተት በአንድ ቦታ ብቻ ከተደጋገመ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተላጠ ምልክት፣ የጠፋ የቆሻሻ መጣያ ወይም የተቃጠለ አምፖል ነው።

ውጤቱም ለነዋሪው በየወሩ ይነገረው፤ በአሳንሰሩ ውስጥ በሚለጠፍ አንድ ወረቀት ስንት ገንዳ ወረቀትና ጣሳ እንደወጣ፣ ማን እንደተረከበውና ተራው ገንዳ ምን ያህል እንደቀነሰ ይገለጽ። ጭነት ውድቅ የተደረገበት ወር ካለ እርሱም ከነምክንያቱ ይጻፍ።

የምግብ ትራፊን መለየት ከቆሻሻው ትልቁን ድርሻ ስለሚይዝ በጣም ይጠቅማል፤ ሆኖም ሽታና ነፍሳት የሚያስከትል በመሆኑ ወረቀት፣ ጣሳና የመሳሰሉትን የመለየቱ ሥራ መልክ ከያዘ በኋላ ቢጀመር ይመረጣል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2005 የምግብ ትራፊ በቀጥታ ወደ ቆሻሻ መቅበሪያ እንዳይሄድ ከልክላ፣ በ2013 ደግሞ ነዋሪው በጣለው መጠን የሚከፍልበትን አሠራር ዘርግታለች፤ በብዙ የአፓርታማ ግቢዎች ነዋሪው መለያ ካርዱን ሲያስነካ ክዳኑ የሚከፈት፣ የተጣለውንም መዝኖ በቤቱ ስም የሚመዘግብ ማጠራቀሚያ ይገኛል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ለሌለው ሕንፃ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ አነስተኛ ማጠራቀሚያ፣ ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ሰብሳቢና ከእያንዳንዱ ማንሻ በኋላ እጥበት ካለ መጀመር ይቻላል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ግን ባይጀመር ይሻላል።

ዓመት ሲሞላ ምርመራው በዚያው ሸራ ላይ ይደገም፣ ቁጥሮቹም ከመነሻው ጋር ይነጻጸሩ። ተራው ገንዳ ሳይሞላ የሚነሣ ከሆነ ከሰብሳቢው ጋር ያለውን ውል እንደገና መነጋገር፣ የማንሻውን ድግግሞሽ መቀነስና የተረፈውን ገንዘብ ለማጠራቀሚያ ጥገናና ለጽዳት ሠራተኞቹ የተጨመረውን ሰዓት ለመክፈል ማዋል ይቻላል። ኮሚቴ ሲለወጥም የተረካቢው ውል፣ የተቀባይነት ዝርዝሩ፣ የምርመራው መዝገብና የተወካዮቹ ስም ዝርዝር በአንድ ማኅደር ተጠቃልሎ ለተተኪው ይተላለፍ፤ አንድ ቅጂም በሕንፃው አስተዳደር ቢሮ ይቀመጥ።